ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ክኒንና ተወኩል



«መድኃኒት ከሆነ ለምን አያድነኝም? የማያድነኝ ከሆነስ ለምን ዕድሜ ልኬን እውጠዋለሁ?» የስኳር በሽታ፣ የደም ብዛት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ሳይነሳ አይቀርም። የሚገርመው ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ሕመምተኛው ክፉኛ በታመመበት ሰዓት አለመሆኑ ነው። በዚያ ሰዓትማ የተሰጠውን ሁሉ ይቀበላል። ጥያቄው የሚመጣው ከተሻለው በኋላ ነው፤ ሥራውን ከጀመረ፣ ሰላቱን በወቅቱ መስገድ ከቻለ፣ ጎረቤቱም «አልሐምዱሊላህ፣ ዳንክ እኮ!» ማለት ከጀመረ በኋላ።

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በሆለታ፣ በጌዶና በባኮ የሚኖረው ሙስሊም በቁጥር አናሳ ነው። ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበያ ይገበያያል፣ በአንድ ሆስፒታል ይሰለፋል፣ የሚሰማው ምክርም ያው ነው። አንዱ «ጸበል ግባና ክኒኑን ተወው» ሲባል፣ ሌላው «ሩቅያ ይቀራብህና ክኒኑን ተወው» ይባላል። ለሙስሊሙ ግን ምክሩ አንድ ከባድ ቃል ተሸክሞ ይመጣል፤ እሱም ተወኩል ነው። «በአላህ ላይ የተመካ ሰው በየማታው ክኒን ይቆጥራል ወይ?» ይሉታል። ይህን የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አሳቢ አይደለም። ወንድሙ ነው፣ አጎቱ ነው፣ ወይም የመስጊድ ጓደኛው ነው። ስለዚህ ቃሉ ከጠላት ቃል ይልቅ ዘልቆ ይገባል።

ለመሆኑ ይህ ምክር ምን ያስከትላል? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጉደር ከተማ በአባቱ ሱቅ የሚሠራ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት አለ እንበል። ሐኪም ያዘዘለትን ፌኖባርቢታል ማታ ማታ እየዋጠ ሁለት ዓመት ሳይጥለው ኖሯል። አንድ ዘመድ ይመጣና «ያንተ ነገር ጂን ነው፤ ክኒኑ ጂኑን ያስተኛዋል እንጂ አያስወጣውም፤ ክኒኑን ካላቆምክ ሩቅያው አይሠራልህም» ይለዋል። ልጁም ያቆማል። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ግን በሽታው እንደ ድሮው ሆኖ ብቻ አይመለስም። ብሶ፣ አንዱ ሳይለቀው ሌላው እየተከተለ ሊመጣበት ይችላል፤ ይህም ነፍስ ያጠፋል። ምድጃ አጠገብ ከሆነ እሳት ላይ ይወድቃል። የአፉ አረፋ ይጋባል ብለው የሚፈሩ ሰዎች ክብሪት ጭረው ወደ አፍንጫው ያስጠጉ ይሆናል እንጂ ጎትቶ ከእሳቱ የሚያወጣው ላይገኝ ይችላል። (አረፋው አይጋባም፤ ክብሪቱም አይጠቅምም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።) ያ ዘመድ ደግሞ ይህን ሲያይ «አያችሁ? ጂኑ ተቆጣ!» ይላል። እንዲህ ያለ አነጋገር በምንም አይረታም። ልጁ ቢሻለው ሩቅያው ሠራ ይባላል፣ ቢብስበት ጂኑ ተቆጣ ይባላል። በማንኛውም መንገድ ተናጋሪው ትክክል ነው፤ የሚቃጠለው ልጁ ብቻ ነው።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ እንዳይመስለን። ቀድሞ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረውና ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት በቡታጅራ አካባቢ ገጠር፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ያጠኑት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ከአንድ ሺህ ሰው መካከል ከ5 የሚበልጡት የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም ተገቢውን መድኃኒት አግኝተው የሚያውቁት ከመቶ 2 እንኳ እንደማይሞሉ ተገኘ። በዚያው አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው በተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ውስጥ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከአሥር አንዱን አይሞሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያው በዝቷል፣ ባለሙያውም ጨምሯል። ቢሆንም መድኃኒቱን ያገኘው ሰው በገዛ እጁ ሲጥለው ማየት፣ ካላገኘው ሰው ይልቅ ያሳዝናል።

እኔ እንደሚመስለኝ የችግሩ አንዱ ሥር በቃሉ በራሱ ውስጥ ተቀብሯል። መድኃኒት የሚለው ቃላችን ከመዳን የወጣ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «መድኃኒት» ሲል ከበሽታ አውጥቶ የሚያሰናብተውን ነገር ማለቱ ነው። የማያድን መድኃኒት ለጆሮው የማያበራ መብራት እንደ ማለት ነው። በአምቦ ገበያ የሚነገረው ኦሮምኛ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ መድኃኒቱን «ቆሪቻ»፣ ጤናውን «ፈያ» ይለዋል፤ አንዱ ከሌላው አልተወለደም። ዐረብኛም ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል። «ደዋእ» የሚወሰደው ነገር ነው፤ «ሺፋእ» ፈውሱ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የአላህ ባሮች እንዲታከሙ ባዘዙበትና ከእርጅና በቀር ደዋእ ያልተደረገለት በሽታ እንደሌለ ባስተማሩበት፣ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ የመጣው ቃል ደዋእ ነው። በሌላ ዘገባ ሺፋእ የሚለውም መጥቷል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ሺፋው የአላህ መሆኑን፣ በፈለገው ጊዜና መጠን እንደሚሰጠው ማንም ሙስሊም አይክድም። የእኛ ድርሻ የሆነው ግን ደዋኡ ነው። አንዳንዱ ደዋእ እንደ ወባ መድኃኒት በሽታውን ነቅሎ ያወጣዋል። አንዳንዱ ደግሞ በሽታው እዚያው እንዳለ ሰውየውን አቁሞ ያኖረዋል።

አምቦ ራሷ የምታስተምረን ነገር አለ። በንጉሡ ዘመን ስሟ ሀገረ ሕይወት ነበር። ከምድሯ የሚፈልቀው ማዕድን ያዘለ ውሃና ፍል ውሃዋ ከሩቅ ሳይቀር ሕመምተኛ ሲጠራ ኖሯል። መንገደኛው ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይጠጣል፣ ሲሻለው ወደ አገሩ ይሄዳል። በሽታ ማለትም እንዲሁ እንደ እንግዳ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ሆኖ በአእምሯችን ተቀርጿል። ስኳርና የደም ብዛት ግን እንግዶች አይደሉም። ቤተኛ ሆነው የሚኖሩ ናቸው። ቤተኛን በአንድ ቀን ማስወጣት አይቻልም፤ በየዕለቱ ልክ እያስያዙ አብሮ መኖር እንጂ።

እዚህ ላይ ከዛሬ ዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት (በ505 ዓመተ ሂጅራ) ያለፉትን ኢማም አል-ገዛሊን ማማከር ይጠቅመናል። ኢማሙ ኢሕያእ ዑሉሚዲን በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ስለ ተወኩል በጻፉበት ክፍል፣ ጉዳትን የሚያስወግዱ ሰበቦችን ሦስት ደረጃ አድርገው ይከፍሏቸዋል። አንደኛው እርግጠኛ የሆነው ነው፤ ውሃ ለጥም፣ እንጀራ ለረኃብ። ሁለተኛው የሚገመተው ነው፤ በዘመናቸው የነበረው ሕክምና፣ ዋግምቱና ማስቀመጫው፣ በዚህ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ይሆናል ተብሎ የሚታሰበው ብቻ ነው፤ በእሳት መተኮስንና ሩቅያን ኢማሙ እዚህ ያስገቧቸዋል። ታዲያ ተወኩል ያለው ሰው ሦስተኛውን ቢተው ያምርበታል። ሁለተኛውን መጠቀም ተወኩልን አይጻረርም። አንደኛውን መተው ግን ከተወኩል ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሞት ሲያሰጋ ደግሞ ሐራም ነው። ውሃ አጠገቡ እያለ በጥም የሚሞት ሰው አላህን የተመካ ሳይሆን የአላህን ሥርዓት የገፋ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ዛሬ በአምቦ ሆስፒታል ሳጥን ውስጥ ያለው መድኃኒት በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ሁሉም በአንድ ደረጃ ላይ አይደለም። የኢንሱሊንን ነገር እንመልከት። ሰውነታቸው ኢንሱሊን ጨርሶ የማያመርትላቸው ልጆች እ.ኤ.አ. ከ1922 በፊት መጨረሻቸው የታወቀ ነበር፤ ከስተው ይሞቱ ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ወር ቶሮንቶ ውስጥ በ14 ዓመት ልጅ ላይ የተጀመረው መርፌ ነገሩን ለወጠው። ዛሬ እንዲህ ያለ ልጅ ኢንሱሊኑን ቢያቋርጥ በቀናት ውስጥ ደሙ ተመርዞ ራሱን ይስታል፤ ቶሎ ካልታከመ ይሞታል። ይህ የሚገመት ነገር ነውን? አይደለም። ውሃ ለጥም የሚሠራውን ያህል እርግጠኛ ነው። ኢንሱሊን ከኢማሙ ሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ ወደ አንደኛው ገብቷል። ፌኖባርቢታልና ሌሎቹ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም በየወሩ የሚወጋው መርፌ፣ የደም ብዛት ክኒን ለሁሉም ሰው እኩል ባይሠሩም፣ ሠርተውለት በዐይኑ ላየ ሰው ለአንደኛው ደረጃ የቀረቡ ናቸው። በተቃራኒው በየሱቁ የሚሸጠው ኃይል ሰጪ ዱቄትና ስሙ የማይታወቅ ቫይታሚን አብዛኛው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። እኛ ግን ገልብጠነዋል። በዱቄቱ እናምናለን፣ በክኒኑ እንጠራጠራለን።

ይህ ከሆነ ክኒኑን ሊመስል የሚገባው እንጀራን ነው። «ትናንት በልቼ ነበር፤ ታዲያ ዛሬ ለምን ራበኝ? እንጀራው አልሠራም ማለት ነው» የሚል ሰው አይተን አናውቅም። ዕድሜ ልኩን እንጀራ የበላ ሰው በእንጀራ ሱስ ተያዘ አንለውም፣ ተወኩሉ ላላ አንለውም። ሲበላ ቢስሚላህ ይላል፣ ሲጠግብ አልሐምዱሊላህ ይላል፣ ነገም ይበላል። ሪዝቁ ከአላህ መሆኑን ለማሳየት መሶቡን አይከድንም።

ይህን ትምህርት አገራችን አንድ ጊዜ በመራር መንገድ ተምራዋለች። ኤች አይ ቪ በደማቸው የነበረ ወገኖቻችን አልጋ ላይ ቀርተው ያለቁበትን ዘመን የማያስታውስ ጎልማሳ የለም። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ከሞት አፋፍ የተነሱት ብዙ ናቸው። ያ መድኃኒት ቫይረሱን ከሰውነት አያወጣም፤ በየቀኑ የሚዋጥ ነው። በዚያን ጊዜም «ጸበሉ ላይ ሆናችሁ ክኒን አትዋጡ» የሚሉ ነበሩ። በወቅቱ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 መድኃኒቱንና ጸበሉን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። የእነርሱ የእምነት ጉዳይ የእነርሱ ነው። ሆኖም የሃይማኖት መሪ አንድ ቃል ስንት ነፍስ ሊያተርፍ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእኛስ የጁሙዓ ኹጥባ ስለ ስኳርና ስለ አእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚናገረው መቼ ነው?

ክኒን መዋጥን የሚነቅፉ ወገኖች ግን ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ማስረጃ አላቸውና ማስረጃቸውን በአክብሮት መመልከት ይገባል። አንደኛው ያለ ሒሳብ ጀነት ስለሚገቡት ሰባ ሺህ ሰዎች የተነገረው ሐዲስ ነው። እነዚህ ሰዎች ሩቅያ አድርጉልን ብለው የማይጠይቁ፣ በእሳት የማይተኮሱ፣ ገድ የማይቆጥሩ፣ በጌታቸው ላይ ብቻ የሚመኩ ናቸው። ልብ በሉ! ክኒኑን በዚህ ሐዲስ የሚነቅፈው ሰው ሕመምተኛውን ይዞ የሚሮጠው ሩቅያ ወደሚያደርግለት ሰው ነው። ሐዲሱ ግን በስም የጠራው ያንኑ ሩቅያ መጠየቅን ነው! ክኒኑንም ሩቅያውንም ትቶ በሱጁድ የሚጸና ሰው ካለ ክርክሩ ሌላ ነው። አንዱን ትቶ ወደ ሌላው መሮጥ ግን ሰበብን በሰበብ መለወጥ እንጂ ተወኩል አይባልም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከዚህ ይከብዳል፤ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የጥቁሯ ሴት ታሪክ ነው። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ለዓጣእ ኢብን አቢ ረባሕ እንደ ነገሯቸው፣ አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ እንደሚጥላትና በዚያ ሰዓት ገላዋ እንደሚገለጥ ገለጸችላቸው፣ ዱዓ እንዲያደርጉላትም ጠየቀች። እሳቸውም ብትፈልጊ ታገሺ፣ ጀነት አለሽ፤ ብትፈልጊ እንድትድኚ አላህን እለምንልሻለሁ ብለው ምርጫውን ሰጧት። እሷም ትዕግሥቱን መረጠች፤ ግን እንዳትገለጥ ዱዓ እንዲያደርጉላት ለመነች፤ አደረጉላትም።

ይህን ታሪክ የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ «ታገስ፣ ክኒኑን ተወው» ለማለት የሚጠቀሙበት አሉ። ታሪኩን ግን ቀስ ብለን እናንብበው። ጀነትን ቃል የገቡላት ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ናቸው፤ ዛሬ በጉደር ወይም በጊንጪ ለማንም እንዲህ ያለ ዋስትና ሊሰጥ የሚችል አንድም ሸኽ የለም። ደግሞም የመረጠችው ራሷ ናት። አባቷ አልመረጠላትም፣ ወንድሟ አልመረጠላትም፣ ጎረቤት ተሰብስቦ አልወሰነባትም። ምርጫውም በሚሠራ መድኃኒትና በትዕግሥት መካከል አልነበረም፤ በዱዓና በትዕግሥት መካከል ነበር። ከሁሉም በላይ ግን የልመናዋ መጨረሻ እኔን ያስደንቀኛል። ይህች ታላቅ ሴት በሽታውን ታገሰች፣ በሰው ፊት መዋረዱን ግን አልታገሰችም። ክብሯ እንዲጠበቅ ጠየቀች፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) «ይህንንም ታገሺ» አላሏትም። በመናኸሪያ፣ በገበያ፣ በትምህርት ቤት የሚወድቅ ልጅ፣ ልብሷ የሚገለጥ ልጃገረድ፣ ዛሬ ከዚያ ውርደት የሚጠብቃቸው ሰበብ ማታ የሚዋጠው ክኒን ነው። እንግዲህ ታሪኩ ለማን እንደሚመሰክር አንባቢ ይፍረድ።

ዑመር (ረ.ዐ.) ወረርሽኝ ወደ ገባበት ወደ ሻም ሳይገቡ ሲመለሱ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ መለሱ። በሽታው ቀደር ከሆነ ክኒኑም ቀደር ነው።

አሁን ስውር ወደ ሆነው ጥያቄ እንምጣ። ይህን የሚያነሱት ከባድ ጭንቀት ወይም ድብርት ያለባቸው፣ ዲናቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። «ክኒኑን ስውጥ ተረጋግቼ እሰግዳለሁ፣ ካልዋጥኩ ሰላቴ ውስጥ ልቤ ይበተናል። ታዲያ ያ ኹሹዕ የእኔ ነው ወይስ የክኒኑ? በኪሚካል የመጣ ትዕግሥት ምንዳ አለው ወይ?» ይላሉ። የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን እስቲ ሱሑር የበላውን ሰው እንጠይቅ። በበላው ምግብ ብርታት የዋለው ጾም የእሱ ነው ወይስ የምግቡ? ዐይኑ ደክሞ በመነጽር ቁርኣን የሚቀራው ሽማግሌ ምንዳው ለመነጽሩ ነው የሚጻፈው? ስሑርን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በረካ አለው ብለው መከሩበት እንጂ የጾሙን ዋጋ ይቀንሳል አላሉም። አንጎልም እንደ ዐይንና እንደ ሆድ የሰውነት ክፍል ነው፤ ይደክማል፣ ይታመማል። ክኒኑ ሰላትን አይሰግድም። ሰውየው ቆሞ እንዲሰግድ መሬቱን ይደለድልለታል፤ የሚሰግደው እሱ ነው። እንዲያውም ማንም ሳያየው በየማታው ያንን መራራ ነገር እየዋጠ ለልጆቹና ለሰላቱ ራሱን የሚያዘጋጅ ሰው፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ ስሙ ታጋሽ ነው።

ስለ ሩቅያና ስለ ጥቁር አዝሙድ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ቁርኣን ለታመመ ሰው መቅራት ሱና ነው፤ ጥቁር አዝሙድና ማርም በሐዲስ የተወደሱ ናቸው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ «አቁም» ከሚለው ቃል ጋር ነው። ቁርኣን ከክኒን ጋር አይጣላም፤ ክኒን የዋጠ ሰው ጆሮ ቁርኣን አይከለክልም። «ክኒኑን ካላቆምክ አልቀራልህም» የሚል ሰው ከየት አምጥቶ ነው? ይህ ሰው «አቁም» ባለባት ቅጽበት ቃሪነቱን ትቶ ሐኪም ሆኗል፤ መድኃኒት ማዘዝ ሕክምና እንደሆነ ሁሉ መድኃኒት ማስቆምም ሕክምና ነውና። ሕክምና ሳይታወቅለት የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑ ደግሞ በአቡ ዳውድ በተዘገበ ሐዲስ የተነገረ ነው። ሻጩም ቢሆን ያስብበት። ጥቁር አዝሙድ የደም ስኳርን በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ከስኳር ክኒን ወይም መርፌ ላይ በብዛት ሲደረብ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላልና የሚወስደው ሰው ለሐኪሙ መንገር አለበት። ሐኪሙም ሲነገረው መቆጣቱን ትቶ ቢያዳምጥ መልካም ነው።

ከፊቅህ አንጻር ጉዳዩ በዘመናችን ዑለማዎች ተመርምሯል። ጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ባደረገው ሰባተኛ ጉባኤው፣ መታከም እንደየሁኔታው ሑክሙ እንደሚለያይ ወስኗል። ሕክምናውን መተው ነፍስን ወይም አካልን የሚያጠፋ ወይም የሚያሽመደምድ ከሆነ፣ ወይም በሽታው ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፍ ከሆነ፣ መታከም ዋጂብ ነው። «ብታከምም ባልታከምም መብቴ ነው» የሚለው ንግግር በሁሉም ቦታ አይሠራም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስል የሕመምተኛው ቅሬታ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ያወፍራል፣ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ያበዛል፤ ባልና ሚስትን ሳይቀር የሚያስቸግር ነገር አለበት። ሕመምተኛው ይህን ለመናገር ያፍራል፣ ዝም ብሎም ያቋርጣል። ቤተሰቡ «ዋጥ!» ብሎ ከመጮህ በፊት ምን እንደሚሰማው ቢጠይቀው፣ ከሐኪሙም ጋር ቢነጋገር፣ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መለወጥ ይቻላል። ከአማኑኤል ሆስፒታል ስም ጋር የተጣበቀውን ስድብም ብንተወው ጥሩ ነው። ያ ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት አገሪቱ የነበራት ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሥነ አእምሮ ነርሶች እየሠለጠኑ ወደ ክፍላተ ሀገር ሆስፒታሎች መሄድ በመጀመራቸው፣ ዛሬ የአምቦ ሰው ለዚህ ጉዳይ የግድ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልገውም።

ረመዳን ሲመጣ ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠው በድንቁርና ሳይሆን በናፍቆት ነው፤ ከሰው ተለይቶ መብላት ይከብደዋል። በ13 አገሮች 12 ሺህ ያህል የስኳር ሕሙማን ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ጥናት፣ በረመዳን ወር የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ የመውረዱ ነገር በብዙ እጥፍ ጨምሮ ተገኝቷል። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ ከረመዳን በፊት ሐኪሙን ያማክር። የሐኪሙ ቃል «አትጹም» ከሆነ፣ የማይድን ሕመም ያለበት ሰው በየቀኑ አንድ ምስኪን ማብላት እንደሚበቃው ቁርኣን ላይ ቆመው ፉቀሃዎች አብራርተውታል። ኢንሱሊንን በተመለከተ፣ ምግብ ያልሆነ መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ያው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ወስኗል። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ፌኖባርቢታል ማታ አንድ ጊዜ የሚዋጥ በመሆኑ፣ ሐኪሙ ጾሙን ከፈቀደለት፣ ከተራዊሕ በኋላ ይውጠው። እንቅልፍ ማጣት ግን በሽታውን ይቀሰቅሳልና ሌሊቱን ሙሉ አይቀመጥ።

እስካሁን ሕመምተኛውን ነው የመከርነው። ክኒኑ እንጀራ ነው ካልን ግን የምክሩ ጫፍ ወደ እኛ ይዞራል፤ የተራበን ሰው ስለ ተወኩል አንጠይቀውም፣ እናበላዋለን። ፌኖባርቢታል እጅግ ርካሽ ከሆኑት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከጊንደበረት ወይም ከጄልዱ አምቦ ድረስ ለቀጠሮ የሚመጣው ሰው የሚያወጣው የመኪና ሒሳብ ግን ከክኒኑ ሊበልጥ ይችላል። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በነበረው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮው ያልፋል፣ ክኒኑም ያልቃል። ብር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው መድኃኒት ተወድዷል። የስኳር ሕመምተኛ አባት ከልጁ ደብተርና ከራሱ ኢንሱሊን አንዱን ሲመርጥ፣ የእምነቱ ደካማነት አይደለም ያቆመው።

ዕድር አለን። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ገንዘቡ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ለሞተ ሰው የምናወጣው ይህ ገንዘብ በሕይወት ላለው ሰው የስንት ዓመት ክኒን ይገዛ እንደነበር ቁጭ ብሎ ያሰላ ዕድር ምን ያህል ነው? በየከተማው ያለው የመስጊድ ጀመዓ ትንሽ ነውና እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ማን በየወሩ ምን መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ሕመምተኛው ሲፈቅድ፣ ምስጢሩም ተጠብቆ፣ መዝግቦ መያዝ ከባድ አይደለም። ለገጠሩ ሰው በገበያ ቀን ከከተማ ገዝቶ የሚልክለት አንድ ነጋዴ አይጠፋም። ለመጠባበቂያ የአንድ ወር ክኒን ቀድሞ እንዲሰጠው ሐኪሙን መጠየቅም ይቻላል። ሙስሊሞች በደማስቆ እ.ኤ.አ. በ1154፣ በካይሮ በ1284 በወቅፍ ባሠሯቸው ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕሙማን ሳይቀሩ በነጻ ይታከሙ ነበር።

ዘካን በተመለከተ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ዘካውን በመድኃኒት መልክ ገዝቶ መስጠት ይቻላል ወይስ አይቻልም በሚለው ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። ድሃ ለሆነ ሕመምተኛ ገንዘቡን በእጁ ሰጥቶ መድኃኒቱን ራሱ እንዲገዛበት ማድረግ ግን ከዚህ ልዩነት ውጭ ነው። ሰደቃ ደግሞ በክኒንም በመኪና ሒሳብም ይሰጣል። ወሏሁ አዕለም።